ያልተላጠው ስልክ

የእኛ ሰው አዲስ ዕቃ ሲገዛ ላስቲኩንም አብሮ ነው የሚገዛው። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ያረጃል፤ ሶፋውም ከነላስቲኩ እንግዳ ሲያላብ ይኖራል። የሚስቅብን ይሳቅ። እኔ በዚህ ጠባያችን እኮራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ አል ዓይን ውስጥ ሰው ቤት ልጆች አሳድጋለሁ፤ ጓደኛዬ ዘይነባ አቡ ዳቢ ሽቶ ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን መዲናት ዛይድ ገበያ ወርደን ሁለታችንም አንድ ዓይነት ታጣፊ ስልክ ገዛን። አሠሪዬ ማዳም ገና እንዳየችው፣ ይኼ ነገር መታጠፊያው ላይ አይሰበርም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የእኛ ወገብ ስንት ዓመት እየታጠፈ ሲዘረጋ ያልተሰበረ፣ ስልክ ምን ሊሆን ነው? ይህን ያልኩት ግን በሆዴ ነው። እውነቱን ለመናገር በከፈትኩት ቁጥር ፈራ ተባ እል ነበር። ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው፤ መሄድ አልቻልኩም፤ ሰርጉን የማየው በዚያው ስልክ ነው።

የሰርጉ ዕለት ፈቃድ ወጣሁ። ዘይነባም ከአቡ ዳቢ መጣችልኝና አል ዓይን ኦአሲስ የሚሉት የቴምር ደን ገብተን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ይኸኔ የስልኬን ስስ ላስቲክ አለመላጤን አየች። እዚህ አገር ስትኖሪ ምንም አልተማርሽም ማለት ነው፣ አሁንም ባላገር ነሽ አለችኝ። ልትልጥልኝ እጇን ስትዘረጋ ስልኬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። እንግዲያው እይና ተማሪ ብላ የራሷን በዚያ ረጅም ጥፍሯ ከጥጉ ይዛ ላጠችው። ስልኩ ብልጭ አለ፤ አንድ አረንጓዴ መስመር አሳየን፤ ከዚያ ኸላስ፣ ጨለመ። ለካ ላስቲክ ያልነው የስክሪኑ የገዛ ቆዳው ኖሯል።

ወዲያው የእኔው ጠራ። ወንድሜ ተሞሽሮ፣ እናቴ እያለቀሰች፣ ከኋላ መንዙማው ሲደምቅ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየኝ። ዘይነባ እንኳ የራሷን ሐዘን ረስታ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እልል አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ደግሞም ኮራሁ። ያዳነኝ ብልጠት አይደለም፣ አስተዳደጌ ነው።

ወሬው በአንድ ሳምንት አገሩን አዳረሰ። አሁን ሐበሻ ዕቃ ሲገዛ ሳያማክረኝ አይነካውም። ሰሞኑን ሙሳፋህ የምትኖር የአገሬ ልጅ አዲስ ፍሪጅ ገዝታ ላስቲኩን ልላጠው ወይ ብላ ደወለች። ንክች እንዳታደርጊው አልኳት። በሩ እንዳይከፈት የያዘውን ፕላስተሩንስ አለችኝ። እሱንም አልኳት።

ፍሪጁ እስከ ዛሬ አንድ ጭረት የለበትም። የሚበላሽባት ወተቱ ብቻ ነው።