ክብርት ወይዘሮ ይለካ እና የሕፃኑ አምፖል

በየቤተሰቡ በዓይኑ ያየውን እንኳ ሳይለካ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ቤት የደረሰችን ታላቅ እህቴ ናት። ሥራዋ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት መንደፍ ነው፤ ቤተሰቡ የሰጣት ማዕረግ ግን «ክብርት ወይዘሮ ይለካ» ነው። ሌላው ሰው አሥሬ ለክቶ አንዴ ይቆርጣል፤ እሷ አሥሬ ለክታ መለኪያውን ትጠረጥራለች።

ባትሪ ስትገዛ ከቦርሳዋ ቴስተር አውጥታ አንድ በአንድ ስለምትፈትን፣ ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያያት «ባትሪ አልቋል» ይላል። ባሏ እንደሚወዳት መጀመሪያ የነገራት ዕለት «በምን አረጋገጥክ?» ብላ እንደጠየቀችው ዛሬም እየሳቀ ያወራል።

ታዲያ ከእኛ በታች የምትኖር፣ መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ወለደች። እህቴም ሕፃኑ ሲያለቅስ አምፖል የሚያበራ መሣሪያ ሠራችላት። እኛ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር እንከን አልነበረውም። እዚያ ቤት ሲገባ ግን ልጁ ተኝቶ አምፖሉ ይበራል። እናት ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች፤ ልጁ እንቅልፉን ይለጥጣል። እንዲህ ሲያመላልሳት ከርሞ መብራቱን ማየት ተወች። አንድ ቀን ሕፃኑ የእውነቱን አለቀሰ፤ ደርሳ ስታነሳው ድምፁ ተዘግቶ ነበር። መሣሪያውን ነቅላ አመጣችና እህቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ የምልክት ቋንቋ አላስፈለገውም።

የተበላሸው ልቅሶውን የሚሰማው ማይክሮፎን ነው፣ ቀይሪውና እንገላገል ብዬ መከርኩ።

«መጀመሪያ ይለካ» አለች።

መለኪያዋንና መሣሪያውን ይዛ ወረደች፤ እኔም ሽቦ ተሸክሜ ተከተልኳት። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አምፖሉ ጭጭ። ልብስ ሰፊዋ ሥራ በዝቶባት ስለነበር እኛን ትታ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጠች። አምፖሉ ቦግ አለ። እግሯን ስታነሳ ጠፋ። ለካ ሞተሩ በኤሌክትሪክ መስመሩ የሚልከውን ረብሻ መሣሪያው ልቅሶ እየመሰለው ኖሯል።

ረብሻውን የሚውጥ ካፓሲተር ያስፈልግ ነበር። ትልቁን መርጬ አቀበልኳት። ትልቁ ዘገምተኛ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ፈጣን ረብሻ ትንሹ ነው የሚደርስለት ብላ የምስር ፍሬ የምታክል አነሳችና በየደች። ረብሻው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ አምፖሉ አልፎ አልፎ ብልጭ ይል ነበር። እኔ ይበቃል፣ ብዙውን ጊዜ ይሠራል አልኩ።

«አንዴ ዋሽቷታል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ደግሞ ከዋሻት ልጁን ማን ያነሳዋል?»

የካፓሲተሩን ሳጥን አስጠጋሁላት። ሌላ ዓይነት ሞከረች፤ ነቀለችው። በመጨረሻ ያችኑ ምስር የምታክል ካፓሲተር፣ ረብሻው የሚገባበት ክፍተት እንዳይተርፍ የሽቦ እግሮቿን አሳጥራ፣ ልቅሶውን ከሚለየው ቺፕ ጉያ ውስጥ በየደቻት። ፔዳሉ ተረገጠ፤ አምፖሉ ብልጭም አላለም።

ከዚያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ሕፃን እንዲያለቅስልን መለማመጥ ቀረን። እሱ እቴ! ፈገግ እያለ ያየናል። ተስፋ ቆርጠን ዕቃ ስንሰበስብ ልቅሶውን ለቀቀው። እናትየው ለልጁ ጀርባዋን ሰጥታ እየሰፋች ነበር። ፊት ለፊቷ መብራቱን አየች፤ ትንሽ አመነታችና ተነሳች። ልጁን አቅፋ ተመልሳ እህቴን ግንባሯን ሳመቻት። እህቴ አቀርቅራ፣ የጠቀለለችውን ሽቦ ፈትታ እንደገና መጠቅለል ጀመረች።

ዘንድሮ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ለልጁ ባዘጋጀነው ክፍል ከእህቴ በቀር ማንም ሶኬት እንዳይነካ ከልክያለሁ። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ በመለኪያዋ ግድግዳውን ስትደባብስ ውላለች፤ እኔም የቆመችበትን ወንበር ደግፌላት ቆሜያለሁ። እግሬ ዝሏል፤ አትቸኩይ፣ እህትአለም፣ ብያታለሁ።