እትዬ ባይነሽ ስቶክሆልምን በሶማሌ ተራ ያቀኑበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ፣ መንገዱ ሁሉ በተቆፈረበት፣ ውሃ በፈረቃ ኔትወርክም በዕድል በሚመጣበት ዓመት፣ በሶማሌ ተራ ብሎንና ዳዶ የሚቸረችሩት፣ የአሥራ ሰባትን መፍቻ ከአሥራ ዘጠኙ በመዳበስ ብቻ የሚለዩት፣ እጃቸው ከግራሶ፣ አንደበታቸው ከእውነት የማይለየው እትዬ ባይነሽ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልንና፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ስዊድን ነገሥታት መናገሻ ወደ ስቶክሆልም ይዘምቱ ዘንድ ልባቸው ተነሣ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። አንዲት ልጃቸው ሳምራዊት በዚያ አገር አግብታ ፀንሳ ነበርና፣ እናት በሌለችበት ማን ገንፎ ያገነፋላታል፣ ማንስ ወገቧን ያሻታል ብለው እንቅልፍ አጡ። አማቻቸው ደግ ሰው ነው ይባል ነበር፤ ነገር ግን ደግነት ገንፎ አያማስልም። እትዬ ባይነሽ ራሳቸው ሳምራዊትን በወለዱ ጊዜ የሚያርሳቸው አጥተው፣ ደማቸው ሳይደርቅ ተነሥተው ሱቅ ከፍተው ነበርና፣ ያላረሷት ሴት ምን እንደምትሆን ከወሬ ሳይሆን ከወገባቸው ያውቁት ነበር። ስለዚህ በዚህ ነገር ቀልድ አልነበራቸውም። ቀልዱን የያዙት ሌሎች ነበሩ።

ወእምዝ ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ በሱቃቸው ደጅ ተሰበሰበ። በቀኝ በኩል ሊቀ ደላላት ማሙሸት ቆመ፤ እርሱም ሦስት ጊዜ ቪዛ ተከልክሎ በዚሁ ምክንያት የቪዛ መምህር የሆነ ነው። በግራ የጎማ ነጋዴው ሁዛይፋ፣ የእትዬ ባይነሽ ጎረቤት፣ ምሥጢር ጠባቂ ነኝ ባይ። በመካከል ጋሼ ፈለቀ ተቀመጡ፤ እርሳቸውም በደርግ ዘመን ለከባድ መኪና ሞተር ሥልጠና ተልከው ስቶክሆልም ስድስት ወር የኖሩ፣ ከዚያም ወዲህ ስለዚያች ስድስት ወር አርባ ዓመት ያወሩ አዛውንት ናቸው። ከኋላ ጋሪ ገፊው፣ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ ሥራ ያለው ሥራውን ትቶ፣ ሥራ የሌለው ሥራ አገኘሁ ብሎ ተሰለፈ።

ማሙሸትም ብሎን የሞላበት ካርቶን ላይ ወጥቶ አዋጅ ነገረ፦

«ስሙ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አፍህን ዝጋ! ልጄን ላርስ ነው ብሎ የኤምባሲው መስኮት ጋ የቀረበ ሰው አለቀለት። ሞግዚት ሆና ልትቀር ነው ይሏታል። ስለዚህ እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ቱሪስት ነዎት! ልጅዎ ጋበዘችዎ፣ ይሁን፣ ልጅ ይጋብዛል። እርስዎ ግን የሚሄዱት ሕንፃ ሊያዩ ነው። ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ቻው! ስለ ሆድ፣ ስለ ገንፎ አንዲት ቃል ከአፍዎ ብትወጣ እኔ የለሁበትም!»

እትዬ ባይነሽም በዕድሜያቸው ሕንፃ አይተው የማያውቁ ይመስል ሕንፃ ሊያዩ መሄዳቸውን ባይወዱትም፣ የልጃቸው ሆድ ቀን እየቆጠረ ነበርና እሺ አሉ።

ጋሼ ፈለቀ በመጀመሪያ ከተማይቱን በስልክ ካርታ ሊያሳዩዋቸው ሞከሩ። ነገር ግን የመርካቶ ሰው ቦታን የሚያውቀው በተራ ነውና፣ ጎማ የት ይሸጣል፣ ባትሪ የት ይሸጣል ብሎ ነውና፣ ካርታው በእትዬ ባይነሽ ዓይን ውሃ ላይ የተበተነ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ሆኖ ቀረ። በዚህ ጊዜ ታላቅ ምክር ተመከረ፤ እትዬ ባይነሽ ወደ ስቶክሆልም መግባት ካቃታቸው ስቶክሆልም ወደ ሶማሌ ተራ ትግባ ተባለ። ጋሼ ፈለቀም በከዘራቸው መሬቱን መትተው አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የሁዛይፋ ጎማ ቤት የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነው! ከእርሱና ከባትሪ ቤቱ መካከል ያለው ማለፊያ ጋምላ ስታን፣ አሮጌው ከተማ ነው! ይህ የጎርፍ ቦይ ሐይቃቸው ነው፤ የተሻገረ ሁሉ ድልድይ እንደተሻገረ ይወቅ። ቦዩ ላይ የሚሸና ቢገኝ ግን የንጉሡን ውሃ አቆሸሸ ተብሎ ይያዛል!»

አገሩም እንደ ቃላቸው ቀና። ጎማ በጎማ ላይ ተነባብሮ የመዘጋጃ ቤቱ ግንብ ሆነ፤ በእውነተኛው ግንብ አናት ላይ ስላሉት ሦስት የወርቅ አክሊሎች ፈንታ ሦስት አዲስ ኩሽኔታ ተቀመጠበት። የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሊቃውንት ግብር የሚበሉበት አዳራሽ በዚያ ነውና፣ ጋሪ ገፊዎቹ ከሥሩ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። ሆቶርየት የሚሉትን አደባባይ ጋሼ ፈለቀ የድርቆሽ ገበያ ማለት ነው፣ ድርቆሽ ግን ከጠፋበት ብዙ ዘመን ሆነው ባሉ ጊዜ፣ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም፤ ስሙ የአንዱ ዕቃው የሌላው የሆነ ተራ በመርካቶ ሞልቷልና። ስሉሰን የተባለው መስቀለኛ መንገድ ለዓመታት ሲቆፈር መኖሩን በሰሙ ጊዜ ደግሞ እትዬ ባይነሽ ፊታቸው በራ፤ ያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ አገር መሰላቸው፤ እርሱንም መንገዱ በተቆፈረው በአብነት ሰፈር በኩል አኖሩት።

በአሮጌው ከተማ ሁለት ክንድ ዘርግቶ ማለፍ የማይቻልበት አንድ ስመ ጥር ጠባብ መንገድ አለ፤ የዓለም ሰው እየመጣ ፎቶ ይነሣበታል። ይህን የሰማ ሶማሌ ተራ እጅግ ተናደደ። በዚህን ያህል ስፋት እዚህ ሁለት ሱቅ ይከራያል፣ በመሃሉም አህያ ከነጭነቷ ታልፋለች፤ ፎቶ ያነሣን ግን የለም ብለው አጉረመረሙ።

ሁዛይፋ የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ ሆኖ ተሾመ። ዘበኛ አይናገርም፣ ዓይኑንም አያርገበግብም ተብሎ ስለተነገረው፣ የአይሱዙ ጎማ ፈልጎ የመጣ ሹፌር ዋጋ እየጠየቀ ቢለምነው እንደ ሐውልት ቆመ። ሹፌሩም ጤናውን ተጠራጥሮ ከጎረቤት ገዝቶ ሄደ። ለዚህ ዘመቻ ከሁሉ አስቀድሞ የቆሰለ ሁዛይፋ ነው።

ከሁሉ ያስገረማቸው የቫሳ ነገር ነበር። ይህች የጦር መርከብ በጥንት ዘመን ተሠርታ፣ በወርቅና በምስል አጊጣ፣ ሕዝብ በዳር ቆሞ እያየ ገና ከወደቡ ሳትርቅ ሰጠመች፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተውም አውጥተው ቤት ሠሩላት። ጋሪ ገፊዎቹ አንድ ጋሪ እስከ ሰማይ ጭነው ገልብጠው ታሪኩን አሳዩ። እትዬ ባይነሽም አወጁ፦

«እንዴ! እኛ ጋ ዕቃው የተበላሸበት ሰው ሌሊት ደብቆ ይጥላል፤ እነሱ ቲኬት ይቆርጡበታል? ወይኔ ባይነሽ፣ የዛገ ብሎኔን ሁሉ በከንቱ ነዋ የጣልኩት!»

ሕዝቡም ከሳቀ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ጠየቁ፦ «ፈለቀ፣ ለመሆኑ ሆስፒታሉ በየት ነው?»

ጋሼ ፈለቀ ከዘራቸውን ወዲህና ወዲያ አዟዟሩት። በስድስት ወር ውስጥ አልታመሙም ነበር። ስለዚህ በሶማሌ ተራ በቀናችው ስቶክሆልም ቤተ መንግሥት ነበር፣ ሙዚየም ነበር፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነበር፤ ሴት የምትወልድበት ቦታ ግን አልነበረም። ይህንንም ከእትዬ ባይነሽ በቀር ልብ ያለ አልነበረም።

ወእምዝ የቀጠሮው ዕለት ደረሰ። እትዬ ባይነሽ ነጭ ለብሰው ወጡ፤ ሠራዊቱም እስከ ታክሲው ሸኛቸው። ረዳቱ በሩን ዘግቶ ታክሲው ሲነሣ ማሙሸት እየሮጠ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ የመጨረሻውን አዋጅ ነገረ፦ «ሁለት ሳምንት! እትዬ፣ ሁለት ሳምንት ይበሉ! ገንፎ እንዳይጠሩብኝ!» ተሳፋሪው ሁሉ ዘወር ብሎ እትዬ ባይነሽን አየ።

በኤምባሲው፣ ከመስተዋቱ ወዲያ፣ አንድ የውጭ አገር ሹም፣ ከጎኑም የምታስተረጉም ወጣት ሴት ተቀምጠው ነበር። ለምን እንደሚሄዱ በጠየቋቸው ጊዜ እትዬ ባይነሽ ስቶክሆልምን ከዳር እስከ ዳር ተረኩላቸው። በድልድዩ አሻገሯቸው፣ በጠባቡ መንገድ አሳለፏቸው፣ በሦስቱ አክሊሎች ሥር አሳረፏቸው፣ ከሰጠመችው መርከብ ጋር አሰጠሟቸው። ሹሙ ብዕሩን አስቀምጦ ሰማ፤ በገዛ አገሩ ጠፍቶ የተገኘ ሰው መሰለ። ሲጨርሱም አንዲት ጥያቄ ጠየቀ፤ ወጣቷም ተረጎመች፤ መቼ ይመለሳሉ?

ሁለት ሳምንት የሚለው ቃል ከእትዬ ባይነሽ ምላስ ጫፍ ደረሰ፤ ከዚያ ግን አልወጣም። አራስ ልጃቸው በዚያ በረዶ አገር ብቻዋን ወገቧን ይዛ ከአልጋ ስትወርድ ታየቻቸው። የማሙሸትን ትምህርት በዚያ መስኮት ሥር ጥለው እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ልጄ፣ ንገሪልኝ። መርከባችሁን እግዜር ይባርክላችሁ፣ እኔ ልጄን ላርስ ነው የምሄደው። መቼ ትመለሻለሽ ላላችሁኝ፣ ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ሴት ከሆነች በሰማንያ። ከዚያ በፊት አራስ ጥዬ አልመጣም፤ ብትጎትቱኝም አልመጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን አላድርም፤ ሱቄ ተዘግቷል።»

ሹሙ አንድ ቀን ብቻ እንዲነግሩት ለመነ፤ ወንድ ይሁን ሴት ዛሬ በሐኪም ይታወቃልና ያንን ይንገሩኝ አለ። እርሳቸውም መለሱ፦ «ሐኪሙማ አውቋል አሉ። እኔ አልጠየቅሁም። ገና ያልመጣን እንግዳ ማነህ ብሎ መንገድ ላይ ማስቆም ነውር ነው።» ወጣቷ ይህን ስትተረጉም አፏን በእጇ ያዘች፤ ሹሙም ብዙ ጻፈ።

ጥቂት ሰንብቶ ፓስፖርቱ ሲመጣ ለወንዱም ለሴቷም የሚበቃ ዘጠና ቀን ታትሞበት ተገኘ። በዚያን ዕለት በሶማሌ ተራ ያልፎከረ አልነበረም። ማሙሸት «በቱሪስት አስገባኋቸው!» አለ። ጋሼ ፈለቀ «በጋምላ ስታን አለፈች!» አሉ። እትዬ ባይነሽ የሆነውን ለሁዛይፋ ብቻ በምሥጢር ነገሩት፤ ሁዛይፋም ለማንም ላይናገር ምሎ ለሁሉም ተናገረ፤ ነገር ግን እውነት ተናግሮ ቪዛ ያገኘ ሰው ታይቶ አይታወቅምና ማንም አላመነውም።

ከዚያም ስንቃቸውን ጭነው ሄዱ። ቅቤው ድንበር ላይ ተማርኮ ቀረ፤ የገንፎው ዱቄት ግን በድል ገባ። ሳምራዊት በሰላም ተገላገለች፤ እትዬ ባይነሽም በስልክ አወጁ፦ «ሴት ናት! ሁዛይፋ፣ ሱቄን ተመልከትልኝ፣ ሰማንያ ነው!» የሶማሌ ተራ ሴቶች በጎማው ግንብ ሥር እልል አሉ። ከዚያ በኋላ እትዬ ባይነሽ ቤተ መንግሥቱን አላዩም፣ ግንቡን አላዩም፣ መርከቧንም አላዩም። ያዩት የልጃቸውን ኩሽና፣ የልጃቸውን ወገብ፣ የልጅ ልጃቸውን ፊት ነው። ስቶክሆልም በበኩሏ በመስኮቱ ውጭ በረዶ ለብሳ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ እርሳቸው ግን ሥራ ነበራቸው።

ክርስትናው በተነሣ ማግስት ተመለሱ። በታክሲ ወርደው ሻንጣ እየጎተቱ ሲመጡ ያየ ሁሉ ደነገጠ። ማሙሸትም ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ጮኸ፦

«መጡ? በገዛ እግርዎ? ማን አስገደደዎት እትዬ? ስንቱ በበረሃ ያልቃል፣ ስንቱን ባሕር ይበላዋል፣ እርስዎ በአውሮፕላን ሄደው በአውሮፕላን? እሺ አይሰሩ፣ መደበቅ እንዴት ያቅታል! እኔ እዚህ ስሜን ሠርቼ፣ ወጡልኝ ብዬ ለፍፌ፣ ሰው ምን ይለኛል!»

በዚያ ሳምንት ሶማሌ ተራ እትዬ ባይነሽን እንደ በሽተኛ ጠየቃቸው። የሄደ የማይመለስበት ዘመን ነውና፣ መመለሳቸውን አንዱ ዕብደት፣ አንዱ መባረር፣ አንዱ ድግምት አለው። ቃሌን ሰጥቼ ነበር የሚለውን ምክንያት የቆጠረላቸው አልነበረም። ጋሼ ፈለቀ ብቻ ከዘራቸውን እየመቱ መጥተው «የመርከቧን ቤት አየሽው?» ብለው ጠየቁ፤ እትዬ ባይነሽም ዓይናቸውን አይተው «አየሁት ፈለቀ። ልክ አንተ እንዳልከው ነው» አሉ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ምስክር አግኝተው አያውቁም ነበርና። እትዬ ባይነሽ በዕድሜያቸው የዋሹት ይህን ብቻ ነው፤ ይህም ይቅር ይባልላቸው።

በተከተለው በዘመነ ማርቆስ፣ ሰኔ ሲገባ፣ ታመው ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ሳምራዊት ሕፃኗን አዝላ ደረሰች፤ ቀጥ ባለ ወገብ ሬሳውን ተከትላ ሄደች። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ማሙሸት ነው፤ እዚያ ቢቀሩ ኖሮ አይሞቱም ነበር እያለ፣ በስቶክሆልም ሰው የማይሞት ይመስል። በድንኳኑም እንዲህ ተባለ፦

ሄዶ መቅረት ሞልቷል በያይነቱ አገር፣
ሄዶ መመለሱን ካንቺ ይማር ነበር።

ነገሥታት ከተማ ሊይዙ ዘምተው በሰው ደም ያዙ፤ ባይነሽ ግን ከተማ ሊያዩ ነው ተብለው ሄደው አንዲት አራስ ብቻ አይተው ተመለሱ። እነሆ የዓለምን ግንብ ሁሉ በገንፎ ማማሰያ የናቁ፣ በመስተዋት ፊት ያልተንቀጠቀጡ፣ ልጃቸውን በእግሯ ያቆሙ፣ ቃላቸውንም በእግራቸው ያመጡ፣ እመ ሳምራዊት፣ ክብራቸው ከሦስት አክሊል በላይ ነው። ሶማሌ ተራ ሥራ ፈትቶ ስማቸውን በጠራ ቁጥር ይፈር፤ አፍሮም ይኩራባቸው።