የጃርቶቹ ሁለተኛ ክፍል

ደብረ ብርሃን ውስጥ እትዬ ወደርየለሽ የሚባሉ፣ ሦስት ሴት ልጆች የወለዱ ባልቴት ነበሩ። አፋቸውን ከከፈቱ ወሬያቸው ትልቋ ትርሲት ናት፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምትኖረው። ካልሆነም ትንሿ ፌቨን፤ የሠርጓ ዕለት ሰፈሩ የተገለበጠላት። መካከለኛዋ ውባለምስ? እሷማ ቤት ናት። እግራቸውን ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣቸዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበሯን ለቃ ትነሳለች። ሰው አይስማኝና፣ አዲሷ ጎረቤት እትዬ ብርዝነሽ "ልጆችሽ ሁለት ናቸው አይደል?" ቢሏቸው፣ እሳቸው እቴ፣ "አዎ" ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ውባለም ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ለፋሲካ ትልቋም ትንሿም ከነልጆቻቸው መጡ። ልጆቹ የጃርቶቹን ካርቱን በሦስት ፍላሽ ይዘዋል፤ ሦስት ክፍል ያለውን፣ አገር ያበደለትን። አንደኛውን አምስት ጊዜ አዩት። ሦስተኛውንማ በቃላቸው ይሉታል። ሁለተኛውን የነካው የለም። "አያቴ፣ እሱ ላይ ምንም የለም" አሏቸው። ሲሄዱም የሁለተኛውን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ሄዱ።

ቤቱ ጭር አለ። ውባለም ጅማ ሥራ አግኝታ ነገ መሄዷ ነው። ለእናቷ ስትነግራቸው "እንደ ፍጥርጥርሽ" ነበር ያሏት።

ማታ እትዬ ወደርየለሽ፣ "እስቲ ያን የጣሉትን ክፈቺው" አሉ።

አንዲት ጃርት ከታመመች እናቷ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ክረምቱን ትገፋለች። ውሃ ይገባል፣ ትቀዳለች። እሾኋ እናቷን እንዳይወጋ ጥግ ላይ ተኮራምታ ታድራለች። እናትየው የሄዱትን ልጆቿን እየጠበቀች በር በሩን ታያለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቴሌቪዥን ሲከፈት እንቅልፍ የሚጥላቸው ሴትዮ ዛሬ ዓይናቸው አልተከደነም።

"ሦስተኛው ላይስ ምን ትሆናለች?"

"የለችም፣ እማዬ።"

"ሞታ ነው?"

"አይ፣ ሄዳ ነው መሰለኝ። የጠየቀም የለ።"

"እናቷስ? ቅሪ አላለቻትም?"

ውባለም ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። "እናቷ በሩን ነበር የምታየው።"

ፊልሙ አለቀ። ጥቁሩ መስታወት ላይ አንዲት አሮጊትና ከኋላቸው የቆመች ሴት ታዩ። እትዬ ወደርየለሽ አይተዋት የማያውቁ ይመስል ምስሏን ትክ ብለው አዩና፣ ዞረው የልጃቸውን ቀሚስ ጨበጡ።

"ከመጀመሪያው መልሺልኝ፣ የኔ ልጅ። በደንብ ሳላያት እንዳትሄድብኝ።"