በቃኝ ያለች መኪና

[አዳማ፣ ረፋድ፣ የሽኩር ግቢ። ሽኩር ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ ግን ከጨርቁ ይልቅ ስለ ባትሪ ሲተነትን ይውላል። ሚስቱ ፋዲላ አኩርፋ ሁሩታ አባቷ ቤት ከገባች ሰነባብታለች። አማቱ ሐጂ ጃዕፈር፣ “ዛሬ ከዱሁር ሶላት በኋላ ሽማግሌህን ይዘህ ና፤ ዛሬ ከቀረህ ሁለተኛ እንዳትመጣ” ብለው ልከውበታል። ለሽምግልናው የተገኘው ጎረቤቱ ፈይሳ ነው፤ አንድ ነገር ሦስቴ ካልተነገረው አይገባውም የሚባል ሰው። በዚያ ሙቀት ጋቢውን በፌስታል አንጠልጥሎ መጥቷል። መኪናዋ ከግድግዳው ጋር እንደተሰካች ቆማለች፤ ሁለቱም አፍጥጠውባታል።]

ፈይሳ፦ እኮ መብራት አለ አይደል? ታዲያ ለምን አትሞላም?

ሽኩር፦ ስንቴ ልንገርህ? ባትሪ ጢም ተደርጎ አይሞላም! ሰማንያ በመቶ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ውስጡ ይጨነቃል፤ ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ፈይሳ፦ እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ሁሉም ነገር አፉ ድረስ ነው የሚሞላው። መቼ እንደሚሄድ በምን ታውቃለህ?

ሽኩር፦ ለዚህ ነዋ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ባትሪው አብጦ በላስቲክ የታሰረው!

ፈይሳ፦ [ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ላስቲኩን ያያል] ይሄስ እውነት ነው። ግን ሰማንያ አይደል ያልከኝ? እዚህ ሃምሳ ነው የሚለው።

ሽኩር፦ [ክው ይላል፤ ግን ሽኩር ነውና አላውቅም አይልም] ሃምሳ… አዎ፣ ሃምሳ። የአዳማ ሙቀት ነዋ! ብልህ መኪና ናት። አየሩን ለካችና “ዛሬስ ሃምሳ ይበቃኛል” አለች።

ፈይሳ፦ ራሷ?

ሽኩር፦ ራሷ!

ፈይሳ፦ ሰው ነክቷት እንዳይሆን።

ሽኩር፦ ቁልፉ ኪሴ፣ በሩ ዝግ፣ ማን ይነካታል? ጂኒ? አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሐሩር ጋቢ ይዘህ ወጥተህ ስለ ባትሪ ልታስተምረኝ ነው?

ፈይሳ፦ ካመሸንስ ብዬ ነው።

ሽኩር፦ ለግማሽ ቀን ሽምግልና! አርቆ ማሰብ የሚባል ነገር እኮ አልፈጠረብህም።

ፈይሳ፦ እሺ። እስቲ ስለ ሽምግልናው ንገረኝ። በምንድን ነው የተጣላችሁት?

ሽኩር፦ በምንም።

ፈይሳ፦ ሐጂ ፊት ቆሜ “በምንም” አልልም።

ሽኩር፦ ሶደሬ ሄደን ነበር። ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ማቀዝቀዣውን ክፈት አለች፤ ባትሪ ይበላል አልኳት።

ፈይሳ፦ እሺ።

ሽኩር፦ መስኮት ልክፈት አለች፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ይጎትተናል አልኳት።

ፈይሳ፦ እሺ። በዚህ እንኳ አባቷ ቤት አትገባም።

ሽኩር፦ ስንመለስ ባትሪው ሃያ ሊደርስ ሆነ። ባትሪ ከሃያ በታች አይወርድም፤ ይጎዳል! ክብደት መቀነስ ነበረብኝ።

ፈይሳ፦ እና?

ሽኩር፦ ባጃጅ አስቆምኩ።

ፈይሳ፦ ለማን?

ሽኩር፦ [ወደ መሬት እያየ] ለፋዲላ።

ፈይሳ፦ ሚስትህን በባጃጅ ሰደህ ብቻህን በመኪና መጣህ?

ሽኩር፦ ብቻዬን እንኳ አይደለም። መንገድ ላይ ሐብሐብ ገዝተን ነበር።

ፈይሳ፦ ሐብሐቡን በባጃጅ አትሰደውም ነበር?

ሽኩር፦ ይፈነዳላ!

ፈይሳ፦ ያ ዋቃ!

ሽኩር፦ ሰው አይገባውም እንጂ፣ በዚህ አያያዝ ይሄ ባትሪ ሃያ ዓመት ይቆያል።

ፈይሳ፦ ትዳሩስ?

[ሽኩርን የሆቴል ምግብ አንገሽግሾታል፤ ቤቱም ባዶ ሆኖበታል። ፋዲላ ናፍቃዋለች፤ የዚህን ግን ሰማንያ በመቶውን እንኳ ለፈይሳ አይናገርም።]

ሽኩር፦ በቃ ተነስ፣ እንሂድ… ቆይ፣ ቆይ! ሁሩታ ዳገት ነው። በሃምሳ መድረሱን እንደርሳለን፤ ፋዲላን ይዞ መመለሱስ? ሰማንያ መግባት አለባት! [መሰኪያውን ነቅሎ እንደገና ይሰካል፤ መኪናዋን መታ መታ ያደርጋል] ሙይ እንጂ!

ፈይሳ፦ ብልህ ናት አላልክም?

ሽኩር፦ ዝም በል!

[የፈይሳ ስልክ ይጮኻል።]

ፈይሳ፦ ሄሎ! ፋዲላ፣ አካም ጅርታ? … አዎ፣ አጠገቤ ነው። … አዎ፣ ሃምሳ ላይ ቆማለች።

ሽኩር፦ እሷ ደግሞ በምን አወቀች?

ፈይሳ፦ “በምን አወቀች” ይላል። [ያዳምጣል] መኪናዋን የገዛህ ቀን ስልክህ በባትሪ ቪዲዮ ጢም ብሎ መኪናዋን የሚያዘው አፕ አልገባም ሲል፣ በማን ስልክ ነው የጫንከው ትልሃለች።

ሽኩር፦ [ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል] በ… በእሷ።

ፈይሳ፦ ሰማንያውን ወደ ሃምሳ ያወረድኩት እኔ ነኝ ትላለች።

ሽኩር፦ ሁሩታ ተቀምጣ?!

ፈይሳ፦ ሌላም አለ። አፑ በየሳምንቱ “አንድ ቀን እስከ መቶ ሙሉኝ” እያለ ይልክላታል። ስትነግርህ አልሰማ አልክ። የአንተ ባትሪ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ አልፎ አልፎ መቶ ካልገባ የቀረውን መጠን አሳስቶ ያሳያል። ያ ሰማንያ ሰማንያ የምትለው የሌላ ዓይነት ባትሪ ነው። እሱም ቢሆን ሩቅ መንገድ ሲወጣ ይሞላል ትላለች።

ሽኩር፦ ቪዲዮው ላይ ግን…

ፈይሳ፦ “ቪዲዮው ላይ ግን” ይላል። [ያዳምጣል] ቪዲዮውን አግባው ትልሃለች።

ሽኩር፦ ስጠኝ ላናግራት!

ፈይሳ፦ እዚህ መጥቶ አባቴ ፊት ያናግረኝ ትላለች።

ሽኩር፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ በላት! ማቀዝቀዣውንም መስኮቱንም እከፍታለሁ በላት! ግን በአላህ መቶ ትልቀቅልኝ፤ ይሄ እኮ ለመሄድ እንጂ ለመመለስ አይበቃም!

ፈይሳ፦ [ያዳምጣል፤ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል] “አውቃለሁ” ትላለች። አስልቼ ነው የሰጠሁት፤ ለመምጫ ይበቃዋል። እዚህ ደርሶ አባቴ ግቢ ይሰካታል። ልቤ ሲታረቅ መቶ እሞላለትና አብረን እንመለሳለን። እስከዚያ ንቅንቅ አይልም ትላለች። … እሺ ፋዲላ፣ መጣን። [ስልኩን ይዘጋል]

ሽኩር፦ አንተ… ታውቅ ነበር?

ፈይሳ፦ ትናንት ነው የነገረችኝ።

ሽኩር፦ ባጃጁንም? ሐብሐቡንም?

ፈይሳ፦ ሐብሐቡን በተለይ።

ሽኩር፦ ታዲያ ለምን አስለፈለፍከኝ?

ፈይሳ፦ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ይሰማላ።

ሽኩር፦ [መሰኪያውን እየነቀለ] ማደራችን ነው እንግዲህ። ሁሩታ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ እኔ እንደሆነ ምንም አልያዝኩም!

ፈይሳ፦ [ፌስታሉን ታቅፎ መኪና ውስጥ ይገባል] አይዞህ፣ ጋቢውን እንካፈላለን። ሰማንያው ለእኔ፣ ሃያው ለአንተ። ከሃያ በታች አትወርድም።