በሰማይ ላይ ስለ ቀረችው አንዲት የጂን ጠርሙስ

ኦግቡኤፊ ኡዴምባ የማዕረጉን ቀይ ቆብ በደፉ በዘጠነኛው ዓመት፣ ከሌጎስ ወደ ጆሃንስበርግ በሚበርር አውሮፕላን ውስጥ፣ ደመናው ከእግራችን በታች ተነጥፎ ሳለ፣ ከፊቴ ካለው ወንበር «አንተ ጡት ስትጠባ እኔ ፍየል አግድ ነበር!» የሚል ቃል ተሰማ፤ «ታዲያ እናትህ በእኔ አሮጌ ማዘያ ለምን አዘለችህ?» የሚል ቃልም መለሰለት። የትኛው ለየትኛው እንዳለው፣ ዘመኑ ስለ ራቀ፣ ከልቤ ጠፍቷል፤ ሁለቱም ሁለቱንም ብለው ይሆናል። የቀረውን ግን፣ ፈጣሪ በሰማሁት ላይ እንዳልጨምር ከሰማሁትም እንዳላጎድል ይርዳኝና፣ በክብር እጽፋለሁ፤ ነገሩ ክብር ባይገባውም።

ናሁ፣ ኃያላኑ እነዚህ ናቸው። አንደኛው ኦግቡኤፊ ኡዴምባ፣ ላም አርደው ኦግቡኤፊ የሚባለውን ማዕረግ የተቀበሉ፣ የንስር ላባ የሰኩ፣ የቆዳ ማራገቢያቸውን ከእጃቸው የማያወርዱ፣ የጎማ ነጋዴው ሁሉ ከሩቅ ሲያያቸው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው፣ ግርማቸው ከወንበሩ ተርፎ መተላለፊያውን የዘጋ ናቸው። ሁለተኛው ኦግቡኤፊ ኢኬቡናም፣ እርሳቸውም ላም ያረዱ፣ እርሳቸውም ላባ የሰኩ፣ ቆባቸው ከዚያኛው ጥቂት የቀላ፣ መቅላቱንም ራሳቸው ለሰው ሁሉ የሚናገሩ ናቸው። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፦ በመስኮቱ በኩል አፉን ከፍቶ የተኛ የመኪና ዕቃ ነጋዴ፤ ከማዶ ደረቅ ዓሣዋን በጉልበቷ የታቀፈች እመቤት፤ ከኋላ መጠጥ የማይቀምስ፣ ይህን የጻፈ ሰው፤ ከእርሱም ኋላ መጸዳጃ ቤት እስኪለቀቅ በአንድ እግሩ የቆመ ሕዝብ፣ እንደ ባሕር አሸዋ።

የጠባቸውም ነገር እንዲህ ነው። በኡሙዘዴ ጎሣ በዕድሜ የሚበልጠው በአባቶች ወንበር ይቀመጣል፣ ለበረከት የሚቀርበውን የኮላ ፍሬም አስቀድሞ ያነሣል፣ በርስት ነገርም የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። የቀድሞው ሽማግሌ ካረፉ ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የሚበልጥ ሰው በጎሣው አልቀረም፤ ማን ማንን እንደሚበልጥ የሚያውቅም አልቀረም። ሁለቱም የተወለዱት ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በወሰደበት ዓመት ነውና፣ ኡዴምባ «እኔ ከነፋሱ በፊት ነኝ» ይላሉ፣ ኢኬቡናምም «እኔ ከነፋሱ በፊት ነኝ» ይላሉ፤ ከነፋሱ በኋላ የተወለደ ሰው ግን አልተገኘም። ስለዚህ በጆሃንስበርግ ያለው የአገራቸው ሰዎች ማኅበር ሊዳኛቸው ጠራቸው፤ አየር መንገዱም፣ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ፣ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ወእምዝ ጋሪው መጣ። የምትገፋውም ንኬይሩካ የምትባል አስተናጋጅ፣ የእነርሱው አገር ልጅ ነበረች። መሬት ከዓይናቸው ከተሰወረች ጀምሮ የወንበራቸውን ክንድ ጨብጠው የነበሩት ሁለቱ ኃያላን ማራገቢያቸውን ባንድነት አንሥተው «ጂን በቶኒክ!» ሲሉ አወጁ። እርሷም «ወይ አባቶቼ፣ ጂኑ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። ቶኒኩ ሞልቷል፤ ተካፈሉት» ስትል አወጀች።

አየር መንገዱ የተደባለቀ መጠጥ አቀርባለሁ ብሎ ይለፍፋል፤ ሲያቀርብ ግን አይደባልቅም። ሳይገጠም እንደ ተሸጠ ቁምሳጥን ክፍል ክፍሉን ያስታቅፍሃል፦ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ከነማኅተሟ፣ አንድ ቆርቆሮ ቶኒክ የሚሉት መራራ ለስላሳ፣ በረዶ ያለበት የላስቲክ ብርጭቆ፣ ደመናው በውስጡ እስኪታይ የሳሳ የሎሚ ቁራጭ። ይህ ሁሉ በኡዴምባና በኢኬቡናም መካከል በተዘረጋችው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ የነካው ግን አልነበረም። በኡሙዘዴ የሚቀዳው ታናሹ ነውና፤ የቀዳውም መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት አስቀድሞ ይቀምሳል፣ ታላቁም ከዚያ በኋላ ይጠጣል። ያችን ክዳን የጠመዘዘ ሰው የአባቶችን ወንበር በገዛ እጁ ሰጠ ማለት ነበር።

ኡዴምባ በአባትነት ድምፅ «ኢኬቡናም፣ ልጄ፣ እስቲ ቅዳልኝ» ሲሉ አወጁ።

ኢኬቡናምም «አንተው ቅዳ እንጂ፤ እጅህ ለምዶታል። በአባቴ ቤት የዘንባባ ጠጅ ሲቀዳ ቅሉን ተሸክሞ የሚዞረው ማን ነበር?» ሲሉ አወጁ።

«ቅሉን የያዝኩት አንተ እንዳትሰብረው ነው! ገና መራመድ አልቻልክም ነበር!»

በረዶው መቅለጥ ጀመረ። ንኬይሩካም ከኋላ የሚጠብቀውን ሕዝብ አይታ «እሺ፣ እኔ ልቅዳላችሁ። እኔ እንኳ ከሁለታችሁም እንደማንስ የታወቀ ነው» አለችና ጠርሙሷን አነሣች፤ ታላቅ ደስታም ሆነ። ነገር ግን ክዳኑን ሳትከፍተው ኡዴምባ «በይ፣ መጀመሪያ ትቀምሻለሽ» አሏት።

«አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ! ስወርድ መሣሪያ ውስጥ ያስተነፍሱኛል። ጠብታ ከተገኘብኝ ሥራዬ አለቀ።»

«ሳትቀምሺማ አልጠጣም። ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

«ታሽጎ ነው የመጣው! ማን ይመርዝዎታል፣ ሎሚው?»

በዚህች አንዲት ነገር ብቻ ኢኬቡናም ከኡዴምባ ጋር ተባበሩ፤ በብዙ ዓመት ያልታየ ኅብረት ነበር፣ የተደረገውም የአንዲትን ልጅ እንጀራ ለመቁረጥ ነው። እርሷ ግን ጠርሙሷን መልሳ አስቀመጠች። ያን ጊዜ የተኛውን ነጋዴ ጎሽመው ቀስቅሰው ቀጂነትን ሾሙት፤ እርሱም አንድ ዓይኑን ገልጦ «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልቀምስም» ሲል አወጀና ወደ እንቅልፉ ተመለሰ።

ወሶበ ከመዝ ኮነ፣ ይህም እንዲህ በሆነ ጊዜ፣ አውሮፕላኑ እንደ ፈራ በቅሎ ዘለለ። የቀበቶው መብራት በራ፤ አብራሪውም ከማይታይ ቦታ ሠራተኞች ሁሉ ይቀመጡ ብሎ አወጀ። ንኬይሩካ «አባቶቼ፣ ጋሪውን ልዘጋ ነው፤ ወይ ቅዱ ወይ ልውሰደው» አለችና እጇን ዘረጋች፤ ከእጇ በፊት ግን ሁለት እጆች ጠርሙሷን ያዙ፤ አንዱ አንገቷን፣ አንዱ ወገቧን። አይለቅም፣ አይከፍትምም።

እርሷም አየቻቸውና «በቃ እንደያዛችሁ ቆዩ! እንዲያው ባንድ ላይ ትቀዳላችሁ፣ ባንድ ላይ ትቀምሳላችሁ» አለች፤ ከኪሷም ሁለት ስትሮ አውጥታ በብርጭቆው ተከለች።

ኢኬቡናም «ቶኒኩንስ?» አሉ በጥርጣሬ።

«ቶኒኩንም ባንድ ላይ። እኔ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት…»

በዚያች ሰዓት አራት የባለማዕረግ እጆች ዘመቱ። ክዳኑ ተጠመዘዘ፤ ጂኑ ፈሰሰ፤ እኩሌታው ወደ ብርጭቆው፣ እኩሌታው ጌታን በተቀበለው ሰው ጉልበት ላይ። ቆርቆሮው ተንፍሶ የሁለቱንም ካባ አጠመቀ። ከዚያም ሁለቱ ግምባራቸውን አጋጥመው፣ ላባና ላባቸው ተጠላልፎ፣ ቀዩ ቆብ በቀላው ቆብ ላይ ተዛንፎ፣ እንደ ሁለት ጥጃ ከአንድ ብርጭቆ ጠቡ፤ በረዶው እስኪንኳኳም ማንም ቀድሞ ቀና አላለም።

ምስጋና ይገባችሁ፣ እናንተ ክዳን ከፋቾች! ነገሥታት ከተማ ሲያቀኑ፣ ሊቃውንት መጽሐፍ ሲተረጉሙ፣ እናንተ ሦስት ጉንጭ የማትሞላ መጠጥ በአራት እጅ ደባለቃችሁ። ስማችሁ ከደመና በላይ ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በላይ የሚያነሣው ሥራ የላችሁምና በዚያው ይቆይ።

ንኬይሩካ ሮጣ ከተቀመጠች በኋላ፣ መናወጡም ገና ሳይበርድ፣ ኡዴምባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የኢኬቡናምን ክንድ እንደያዙ፣ ዐዋጅ ባልሆነ ድምፅ ተናገሩ።

«ስማ… ወንበሩን እንተወውና አግዳሚ መቀመጫ እናሠራ?»

ኢኬቡናም የተዛነፈ ቆባቸውን አቃኑ።

«ረጅም ከሆነ። ጉልበትህ ይቆረቁረኛል።»

ኡዴምባም ረጅም እንዲሆን ተስማሙ።