ደጃዝማች ጣውላ የሠሩት ቤት

በየማኅበሩ፣ በየሰርጉና በየለቅሶ ቤቱ አንድ የቤት ታሪክ አዋቂ አይጠፋም። ውሻ አጥር ባየ ቁጥር እግሩን እንደሚያነሣ፣ እሱም ግቢ ባየ ቁጥር አፉን ይከፍታል። ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው፣ ማን ተከሶ ለቀቀው፤ ያልጠየቁትን ሁሉ ይነግርዎታል። ሐበሻው በተሰደደባት ሴንት ፖል ከተማ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ሐብተማርያም ናቸው።

ብዙነሽ የምትሠራበት ቤት ለእርሳቸው ዩኒቨርሲቲያቸው ነው። ኋይት ቤር ሐይቅ ዳር የቆመ፣ ሃያ ሁለት መስኮት ያለው አሮጌ ቤት ነው። እሷ ባለቤቲቱን፣ የዘጠና አንድ ዓመቷን ሚስስ ካርልሰንን፣ ትንከባከባለች፤ እርሳቸው ደግሞ አሮጊቷን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱ የቫን ሾፌር ናቸው። ሁልጊዜ ቀድመው ይመጡና ግድግዳ እያንኳኩ ይመረምራሉ። ስሙንም «የባሕር ዳሩ ቤት» ብለውታል።

«ጋሼ፣ ሌክ እኮ ነው፤ ባሕር የታለ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ባሕር ዳርስ ባሕር አለው እንዴ?» ብለው አፏን አዘጓት።

በእርሳቸው ትንተና ቤቱን የሠሩት «ደጃዝማች ጣውላ» ናቸው። በጣውላ ንግድ የከበረ ሰውዬ ነው እንግዲህ፤ ማዕረጉን የሰጡት ራሳቸው ሐብተማርያም ናቸው። ከዚያ ባንክ ወረሰው። ከዚያ አንድ ዶክተር ገዛው። ከዚያ ልጁ ሚስስ ካርልሰን ወረሰችው። ይህን ከቅዳሴ በኋላ ሲተርኩ፣ ውርስ ሲባል ደርግና ቀበሌ ብቻ የሚታያቸው እትዬ ማሚት ደነገጡ።

«የገዛ አባቷን ቤት ወረሰች? ካድሬ ነበረች እንዴ?»

አቶ ሐብተማርያም ማረም ሲገባቸው «እንግዲህ፣ ዘመኑ ነው» ብለው ተነፈሱ። ከዚያ ወዲህ ምእመኑ ሁሉ ብዙነሽን «ካድሬዋ እንዴት ናት?» ይላታል። በዚህ እስከ ዛሬ አንጀቷ እንዳረረ ነው።

በመስከረም የአሮጊቷ ልጆች ቤቱን ሸጡት። የገዛው ሰው አፍርሶ አዲስ ሊሠራ ነው፤ ይህን ግን ለእናታቸው አልነገሯትም። ሮዝቪል ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ተያዘላት። በመውጫዋ ቀን ሚስስ ካርልሰን ወንበሯን በሁለት እጇ ጨብጣ አልነሣም አለች። ልጆቿ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ በመጨረሻም በግድ እናንሣት አሉ። ብዙነሽ የአሮጊቷን ካፖርት ይዛ ቆማለች። አምስት ዓመት ያጠበቻት ሴት እንደ ዕቃ ልትጫን ነው።

ይኼኔ ክቡርነታቸው ገቡ። «አሁን ደግሞ ታሪክ!» አለች ብዙነሽ በልቧ። አልቀረላትም። ወንበር ስበው ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጡና በዚያ ስብርብር እንግሊዝኛቸው ከደጃዝማች ጀመሩ። አሮጊቷ ቃሉን ከእርሳቸው ለምዳዋለች፤ «ዴጃዝማች» እያለች ትከተላቸዋለች። ደጃዝማች መጡ፣ ሄዱ። ባንክ መጣ፣ ሄደ። ዶክተሩም እንደዚሁ።

«ከሁሉም ረጅም ዘመን የነገሡት ግን እርስዎ ነዎት» አሏት።

ሳቀች። ወንበሩንም ለቀቀች። ብዙነሽ ቶሎ ብላ ካፖርቷን አለበሰቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ዞር አለች።

«ከእኔ ቀጥሎስ? ያ ሰው ቤቴን ምን ሊያደርገው ነው?»

አቶ ሐብተማርያም የገዢውን ስም፣ ሥራውን፣ የማፍረሻው ማሽን የሚመጣበትን ቀን ሳይቀር ያውቃሉ፤ ጠዋት በስልክ ለብዙነሽ ተንትነውላታል።

«እሱን አላውቅም» አሉ፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል። ክንዳቸውንም ሰጧት።

«እኚህ ቀባጣሪ ሰውዬ!» አለች ብዙነሽ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች።