አየር ገብቶበታል

የኦቦ ቱፋ ሁለት እጆች የፍሬኑን ፔዳል ወደ ታች ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግሞ ይጫናሉ። ጭንቅላታቸው ከመሪው ሥር ገብቷል፤ የቀረው ሰውነታቸው መንገድ ላይ ነው። የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ እንኳ ዞር ብሎ አያቸው።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ያለ እሱ ፈቃድ ግን አንድም ኮፈን አይከፈትም። የእኛ ሰፈሩ ክቡር ኢንጂነር ኦቦ ቱፋ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን የተቃወመ የለም፣ እሳቸውም ጭምር።

ክቡርነታቸው ለበሽታ ሁሉ አንድ ምክንያት አላቸው፦ "አየር ገብቶበታል።" የጎረቤታችን የአይሻ ሬዲዮ ሲንሾካሾክ፣ አየር። የእኔ ጉልበት ሲቆረጥመኝ፣ አየር። የቀበሌው ስብሰባ ያለ ውሳኔ ሲበተንም እንደዚሁ አሉ፤ ያን ጊዜ እንኳ አልተሳሳቱም።

የልጅ ልጄ ሳምራ ጢቾ የተመደበች መምህርት ናት። እሁድ ከሰዓት ሁለት ባልደረቦቿን አሳፍራ አሮጌ መኪናዋን እየነዳች ትሄዳለች። ባለፈው እሁድ ጠዋት ግን ፊቷ ተለዋውጦ ገባች።

"እማማ፣ ፍሬኑን ስረግጠው ሊጥ የረገጥኩ መሰለኝ።"

የጢቾን መንገድ ቁልቁለት አውቀዋለሁ። ጋራዡ እሁድ ዝግ ነው። ኦቦ ቱፋ ግን እሁድም ክፍት ናቸው፤ ሳንጠራቸው ደረሱ።

"ደጋግሜ ስጫነው ይጠነክራል" አሉ ከመሪው ሥር ብቅ ብለው። "አየር ገብቶበታል!"

"የእኔም ጉልበት እኮ አየር ተብሎ ነበር" አልኳቸው።

"እሱም አየር ነው፣ አዴ ትርፌ። ይሄኛው ግን መውጫ አለው።"

ፔዳሉን ተጭነው ያዙት። ቀስ እያለ ሰመጠ። "ዘይቱ የሆነ ቦታ ይወጣል" አሉና መኪናው ሥር ገቡ። የየጎማውን ውስጠኛ ጎን በጣታቸው ዳበሱ። ከኋላ በግራ በኩል ጣታቸው ረጥቦ ወጣ፤ የቧንቧው መጋጠሚያ ላልቶ ኖሯል። አጥብቀው በጨርቅ ጠረጉት። ፔዳሉን አስረገጡኝና እንደገና ነኩት። ደረቅ። እውነቱን ለመናገር አደነቅኳቸው፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፣ ማዕረግ ሊጨምሩ ይችላሉ።

የጎደለውን ዘይት ለመሙላት በመሣሪያ ሣጥናቸው ካሉት ሁለት የውኃ ላስቲክ ጠርሙሶች አንዱን አነሡ። መለዋወጫ ሻጩ ነስረዲን ዘይት እየቀዳ በውኃ ላስቲክ ይሸጣል፤ ምንነቱንም በእጁ ይጽፍበታል። ኦቦ ቱፋ ላስቲኩን ከዐይናቸው አራቁት፣ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክዳኑን መክፈት ጀመሩ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያስተማረችኝ ሳምራ ናት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የባጃጅ ጀርባም አይቀረኝም።

"የ... መሪ... ዘይት" አልኩ።

እጃቸው ቆመ። "ምን አሉ?"

"የመሪ ዘይት ይላል።"

ኦቦ ቱፋ ክዳኑን መልሰው አጠበቁት። "ይሄ ቢገባ የፍሬኑን የውስጥ ጎማ ያሳብጠዋል። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ..." ሳምራን አዩ፣ መሬቱን አዩ። "መነጽሬን ረስቼ ነው።"

መነጽር አድርገው አይቼ አላውቅም። ግን ማን ላይ ልፍረድ? እኔም መነጽር ሳይኖረኝ ስድሳ ዓመት መነጽሬን እየረሳሁ ኖሬያለሁ።

ሁለተኛውን ላስቲክ አነሣሁና ለራሴ እንደማጉረምረም "የፍሬን ዘይት" አልኩ። ወዲያው ሥራ ተጀመረ። እኔ የሹፌሩ ወንበር ላይ፣ ሳምራ ዘይት መሙያው ጋ፣ ክቡርነታቸው ጎማው ሥር።

"ይርገጡ! ይዘው ይቆዩ!"

ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ሲፈቱ አየሩ ከዘይት ጋር አረፋ እየሠራ በቀጭን ቱቦ ይወጣል። መልሰው ሲያጠብቁ "ይልቀቁ!" ይላሉ። አንዴ ቀድሜ ለቀቅኩ።

"አዴ ትርፌ! ያስወጣነውን እንግዳ መልሰው ጋበዙት!"

አራቱንም ጎማ ዞረን ስንጨርስ ፔዳሉ ከጫማዬ ሥር እንደ ድንጋይ ቆመ።

ሳምራ ልትሞክረው ስትነሣ ኦቦ ቱፋ ፊት ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ። "ካልያዘ ልጅቷ ብቻዋን አትሆንም" አሉ። ዳገቱን ወጥተው ወረዱ፤ መኪናው በራችን ላይ ቀጥ አለ።

እነሱ እስኪመለሱ በፍሬን ዘይቱ ላስቲክ አንገት ላይ ቀይ ክር አስሬ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ለእኔ ነው። ፊደሉ አንዳንዴ ይጠፋብኛል።"

ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት። "ጥሩ ዘዴ ነው" አሉ፤ ቀጥለውም ፊታቸውን በመንገዱ ወደሚያልፉት ጋሪዎች አዙረው "ዛሬ ዐይኔም አየር ገብቶበታል መሰለኝ" አሉ።

ሳይመሽ ሳምራ ከጢቾ ደወለች። በሰላም ገብታለች።

እናንተም በእኛ ሰፈር ስታልፉ ኦቦ ቱፋ ላስቲክ ከዐይናቸው አርቀው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ካገኛችኋቸው፣ ጠጋ በሉና ለራሳችሁ እንደምታነቡ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ይህችን ጽሑፍ ግን፣ አደራችሁን፣ እንዳታነቡላቸው።